በር ላይ ስትደርስ የምታስለው

ልጅቱ ከሟች አባቷ ሞተር ብስክሌት እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ጫፉ ደረቅና ቡናማ ነው። ነዳጁ አልበዛም፣ አላነሰም።

«ለቅሶ ተቀምጠሽ ሞተር ትፈቺያለሽ?» አላት አጎቷ ከበረንዳው። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ሰምቼ ነው አጎቴ የምፈታው።»

የሰማችው ትናንት ነው። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ሻዩን እያማሰለ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ያንሾካሹክ ነበር፦ «ነፍሱን ይማርና፣ የሰፈሩን ሞተር ሁሉ ሲያድን ኖሮ የራሱ አቃተችው። በር ላይ ስትደርስ እንዳሳለች ቀረች።» ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ክፋት የለበትም። ሆኖም አባቷ ትቶት የሄደው የእጁን ስም ብቻ ነበር፤ ያም ከሻዩ ጋር ሲጠጣ ዝም ብላ ማየት አልሆነላትም።

አባቷ ንግግር የማያበዛ መካኒክ ነበር። ልጅ ሳለች ጋራዡ ውስጥ ዓይኗን ያስጨፍናትና፣ «መጀመሪያ በጆሮሽ ፍቺው፤ መፍቻው ይደርሳል» ይላት ነበር። ስለዚህችው አሮጌ ሞተር ሳል ሲጠይቁት ብቻ ይቀልድ ነበር፦ «ዕድሜዋ ነው፤ እናንተም ትደርሱበታላችሁ።»

ካንዴላውን መልሳ ገጥማ ሞተሯን አስነሳቻት። ቀዝቃዛ ሳለች አመሏ መልካም ነው። እየሞቀች ስትሄድ አንድ ምት መዝለል ጀመረች፤ ቀጥሎ ሁለት። የጎኑን ክዳን ከፈተች። እሳቱን የሚቆርጡት ጥቃቅን ብረቶች መካከል ወፍራም ቢጫ ብልጭታ ይረጫል። የደከመው ኮንደንሰሩ ነው፤ ብልጭታውን የምትገታ፣ የጣት አንጓ የምታህል ቆርቆሮ። ጀማሪ እንኳ የሚያውቀው ብልሽት ነበር።

መለዋወጫ ፍለጋ የአባቷን የመፍቻ ሣጥን ከፈተች። ከታች፣ ዘይት በጠጣ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ደህና ኮንደንሰር አገኘች። ወረቀቱ ከዕድሜ ብዛት ወይቧል። ብሎን ያረፈበት ጭረት አለው፤ አንድ ጊዜ ተገጥሞ የተፈታ ነው። ይህን አየች፤ እጇ ግን አልቆመም። ገጠመችው።

ሰፈሩን ዞራ ስትመለስ ሞተሯ እንደ ስፌት መኪና ወጥ ድምፅ ታሰማ ነበር። ልብስ ሰፊው ከደጅ ተነሣ።

«አፌ ቁርጥ ይበል! ይቺ የእሱ ናት?»

«የእሱ ናት።»

ቀና ብላ ወደ ቤት ገባች። የዓይኗ ብርሃን ከደከመ የቆየባት እናቷ ከለቀስተኞቹ መካከል ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«ማነው የመጣው?»

«እኔ ነኝ እማዬ። በአባዬ ሞተር።»

«አይደለም» አለች እናቷ። «የእሱ ሞተር በር ላይ ስትደርስ ሁለቴ ታስላለች። ያኔ ነው ተነሥቼ ምሳውን የማወጣው። አንድ ቀን ሳታስል መጥቶ ድንገት ከኋላዬ ቢናገር፣ ደንግጬ የፈላውን ውሃ በላዬ አፈሰስኩት።» እጅጌዋን ሰበሰበች። ልጅቱ ጠባሳውን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ምክንያቱን ጠይቃ ግን አታውቅም። «ከዚያ ወዲያ ሳታስል መጥታ አታውቅም።»

ልጅቱ ተመልሳ ወጣች። አባቷ ያኔ እንዳደረገው ደህናውን ኮንደንሰር ፈትታ የደከመውን መልሳ ገጠመች። የፈታችውን በወረቀቱ ጠቀለለችው፤ እጥፋቱን አባቷ ባጠፈበት መስመር አስኬደችው። ሰፈሩን ደግማ ዞረች። በሩ ላይ ነዳጁን ስትቀንስ ሞተሯ ሁለቴ አሳለች።

«አላልኩም?» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት። «ተመለሰባት! እሱን ያቃተው ላንቺ ሊሆን ነው?»

አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«ዕድሜዋ ነው፤ እርስዎም ይደርሱበታል።»

በተከፈተው በር እናቷ ትታያለች። እጇን መሬቱ ላይ አስደግፋ፣ ምሳ እንደምታወጣ ሁሉ፣ ከተቀመጠችበት በግማሽ ተነሥታ ነበር። ጥቂት እንደዚያው ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ እጅጌዋንም ወደ ታች ሳበችው።