የዘውዱ ምላስ ፍሪጅ ውስጥ

ሐሙስ ጠዋት ትርንጎ ፍሪጁን ከፍታ ጎድጓዳው ሳህን ላይ የጣለችውን እርጥብ ጨርቅ ገለጥ ስታደርግ፣ ከሙስሎቹ አንዱ በባሏ ድምፅ፣ «በሩን ዝጊው፣ ቅዝቃዜው ይወጣል» አላት። ትርንጎ በሩን ዘጋችው። ዞር ስትል ባሏ ዘውዱ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብሎ ሻዩን እያየ ነው።

«አሁን የተናገርከው አንተ ነህ?» አለችው።

ዘውዱ አፉን ከፈተላት። ምላስ የለም። ቦታው እንደ ታጠበ ሳህን ለጥ ብሏል፤ ደም የለ፣ ቁስል የለ።

«መቼ ነው?» ብትለው ጣቱን ወደ ኋላው ጠቆመ። ትናንት ማለቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘውዱ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሽንኩርት የላጠ ሰው ነው። ለቅዳሜ ምሳ ከባሕር ማዶ የሚመጡ እንግዶች ሙስል እንፈልጋለን ብለው ኖሮ፣ በአውሮፕላን፣ በበረዶ ታሽጎ መጣላቸው። ሙስል ማለት በሁለት ጥቁር ክዳን መሃል ብርቱካንማ ሥጋ ይዞ የሚኖር የባሕር ፍጥረት ነው፤ ፍጥረት ከተባለ። የወጥ ቤቱ አለቃ ሼፍ ሩፋኤል፣ «ቅዳሜ አስተካክለህ ካበሰልከው ሽንኩርቱን ትተህ ምድጃው ላይ ትቆማለህ፤ ካልሆነልህ ቦታው የባልደረባህ የገዛኸኝ ነው» አለና አርባውን ለልምምድ ቤቱ ይዞ እንዲሄድ ሰጠው። አንድ ወረቀትም ጨመረለት።

ወረቀቱ ፍሪጁ በር ላይ ተለጠፈ። ሙስል የሚቀመጠው ነፍሱ እያለች ነው ይላል። ውሃ ውስጥ አይነከርም፣ በፌስታል ታስሮ አይታፈንም፤ ሳህን ላይ ተደርጎ እርጥብ ጨርቅ ይጣልበታል፤ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም። አፉን ከፍቶ የተገኘ በማንኪያ መታ መታ ይደረጋል፤ ካልዘጋ ሞቷልና ይጣላል። በስሎ ያልተከፈተም ይጣላል።

ነፍሱ እያለች! ትርንጎ ይህን ስታነብ ከፍሪጁ ሁለት እርምጃ ራቀች። «ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር እኔ ቤት አይገባም» አለች። ገባ። ደግሞ ጢም አለው። ከእያንዳንዱ ክዳን ጠርዝ፣ ከመታጠቢያ ቤት ቱቦ እንደሚጎተት ዓይነት የተድቦለቦለ ጥቁር ፀጉር ወጥቷል። ያንን ስታይ ሙዷ ጠፍቶ እራቷን ሳትበላ ተኛች።

እሷ እንደ ተኛች ዘውዱ አንዱን አንሥቶ ጥሬውን ላሰው። ጣዕሙን ሳታውቅ እንዳትመጣ ያለው ሼፉ ነው። ሙስሉ ክዳኑን ገጠመ፤ ምላሱም ክሩ እንዳለቀ የሸሚዝ ቁልፍ ብድግ ብላ ወጥታ ክዳኑ ውስጥ ቀረች። ዘውዱ ሚስቱን እንዳይጠራ በምን ይጥራ? ቢቀሰቅሳትስ ምን ብሎ ያስረዳል? ስለዚህ ያንን ነገር ከሌሎቹ መሃል መልሶ፣ ወረቀቱ እንደሚለው ጨርቁን አልብሶ ሄዶ ተኛ። ወንድ ልጅ ሲያፍር የሚሠራው ሥራ ይሄው ነው።

ሲነጋ ትርንጎን የቀሰቀሳት ሽታው ነው። እንዲህ የሚሸት ነገር ሳይታጠብ እሷ ፍሪጅ ውስጥ ሊቆይ? ሙያዋን የምታውቅ ሴት የምታደርገውን አደረገች፤ ልክ እንደ ዶሮ ሥጋ በጨውና በሎሚ አሸችው፣ ሰባት ውሃ አጠበችው። ውሃው ግን እየጠራ አልመጣም፤ በየጊዜው የሚዝለገለግ ግራጫ ልጋግ ይተፋል። በሰባተኛው ውሃ ላይ አሥራ ሦስቱ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። በማንኪያ መታቻቸው፤ አልዘጉም። አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ጣለቻቸው። የተረፉት ሃያ ሰባቱ ተደበላልቀው ተመለሱ። ሽታው ለቀቀ እንደሆን ልታይ ጨርቁን ስትገልጥ ነው እንግዲህ የባሏን ድምፅ የሰማችው።

ፍሪጁን እንደገና ከፈተች።

«የትኛው ነህ?»

«እኔስ በምን ልወቅ? ጨለማ ነው» አለ ምላሱ። «ሎሚውን ደግሞ ምን አመጣው? አቃጠለኝ እኮ!»

«ማን ላስ አለህ?»

«ሼፉ።»

«እሰይ! የእጅህን ነው ያገኘኸው» አለች ትርንጎ። ከዚያ ሳህኑን አወጣችና እያንዳንዱን እያነሣች ወደ ጆሮዋ ታስጠጋ ጀመር። አንዱ ጉንጯ ላይ ልጋጉን ያዝረበርባል፣ ሌላው አንገቷ ሥር ቀዝቃዛ ውሃ ይለቅባታል። ኤጭ! ኤጭ! እያለች ሃያ ሁለቱን አዳመጠች። ሃያ ሦስተኛው፣ «ጆሮሽን አንሺልኝ፣ ጉትቻሽ ያንኳኳብኛል» አላት። ለብቻው በስኒ ማስቀመጫ አደረገችውና ጨርቅ አለበሰችው።

ዘውዱ ቢላ ይዞ መጣ። ትርንጎ ቢላውን ቀማችውና ሼፉ ጋ ደወለች።

«ሼፍ፣ ነፍስ ያለው ሙስል ሳይበስል እንዴት ነው የሚከፈተው?»

«በሙቀት ነው፣ ወይዘሮ ትርንጎ። በቢላ ከፈለቀቁት ውስጡ ያለው ይበጣጠሳል።»

«ውስጡ ያለው እንዳይበስልብኝ ብፈልግስ?»

«ታዲያ ለምን ይከፍቱታል?»

«የዘውዱ ምላስ እዚያ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ከነገ እንዳያሳልፉት» አላት። «ቅዳሜ ደግሞ መረቁን የማይቀምስ ሰው ምድጃ ላይ ላቆም አልችልም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ስልኩ ተዘጋ።

ዘውዱ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። አሥራ ሰባት ዓመት! ትርንጎን አሳዘናት። ስትጣላውም ስትስቅበትም የኖረችው ከዚያች ምላስ ጋር ነው፤ ያለ እሷ ይሄ ዝም ብሎ ሻይ የሚያይ ሰውዬ ማን እንደሆነም እንጃ።

ዓርብ ጠዋት ምላሱ ደከም አለ። ሽታውም ተለውጧል፤ ውሃ ያቆረ የአበባ ማስቀመጫ ሽታ ሆኗል። ትርንጎ በመጀመሪያ ለብ ባለ ጨርቅ ጠቀለለችው። አልተከፈተም። ከዚያ፣ ምን ታድርግ፣ በብብቷ ያዘችው። ነገሩ እዚያ ውስጥ ሆኖ ቀስ እያለ ያዥባት ጀመር፤ ውሃው በጎኗ ወርዶ ቀሚሷን አጣበቀው። «ላብ ላብ ይላል» አለ ምላሱ፣ በሚያሳዝን ቀጭን ድምፅ።

«አፍ ይሻላል» አለ ቀጥሎ። «አፍ ለምጃለሁ።»

ሙስሉን ለዘውዱ አጎረሰችው። ምላስ የሌለው አፍ ግን ምንም ነገር ይዞ ማቆየት አይችልም፤ ሙስሉ ተንሸራቶ ጉሮሮው ሄደና ሊያንቀው ሲል ትርንጎ ጀርባውን መትታ አስተፋችው። ከመሬት አንሥታ አየችው። ክዳኑ ላይ የባሏ ምራቅ፣ የቤቱ አቧራና አንድ የዶሮ ላባ ተጣብቆበታል።

«አልችልም» አለች ትርንጎ።

ዘውዱ አያት። ምላሱ የሚለው ካለ እንኳ የሚልበት ጉልበት አልቋል።

ላባውን አነሣችለት። ዓይኗን ጨፈነችና ሙስሉን አፏ ውስጥ ከተተችው። ጢሙ በከንፈሯ በኩል ወጥቶ አገጯን ነካት። ጨው፣ ጭቃ፣ የዛገ ብረት፣ ሌላም ስም የሌለው ነገር ቀመሰች። ሆዷ ሦስት ጊዜ ተነሣ፤ ሦስቱንም ጊዜ መለሰችው። ያቺ የሰው ሹካ እንኳ የምትጠየፍ ሴት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ግድግዳ ግድግዳ እያየች ተቀመጠች። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ዘውዱም በማንኪያ ጀርባ እየጠረገ ያነሣላታል፣ መሐረብ ፍለጋ ለመነሣት ፈርቶ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ሙስሉ ተከፈተ። የባሏ ምላስ በእሷ ምላስ ላይ አለፈ፣ እንደ ሰው እግር፣ ተረከዝ ኖሮት። በጣቶቿ ይዛ አወጣችውና አጎረሰችው። ዘውዱ አፉን ዘጋ፣ አላመጠ፣ ወደ ቦታው አስገባው።

«ሎሚ ሎሚ ይለኛል» አለ።

ትርንጎ ሳቀች፣ አለቀሰችም። ደስ ብሏት ነው። ከዚያ ወደ መታጠቢያው ሮጣ የቀረውን ተፋችው። ሁለቱ ክዳኖች ገንዳው ውስጥ ኪል ኪል ብለው ወደቁ፤ ባዶ ናቸው። ብርቱካንማው ሥጋ የለም። በጣቷ ድድዋን ዳበሰች፣ ተጉመጠመጠች፣ እንደገና ዳበሰች። ዋጥኩት ይሆን ብላ አሰበች፤ አልዋጠችውም፤ ግን አፏን አልለቀቀም።

ቅዳሜ ዘውዱ መረቁን በማንኪያ ጫፍ ቀምሶ፣ «አንድ ደቂቃ ይቀረዋል» አለ፤ ትክክልም ነበር። እንግዶቹ ዳቦ አምጡልን እያሉ ድስቱን ጠረጉት። ሼፍ ሩፋኤል ረጅሙን ነጭ ቆብ በገዛ እጁ አደረገለት። ዘውዱ ቆቡን እንዳደረገ በባጃጅ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ጣራው ስላላስገባው አንገቱን አጎንብሶ ነው የመጣው።

እሑድ ለምሳ ትርንጎ ቀይ ወጥ ሠራችለት። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋችለት። ዘውዱ ፊቱን አዞረ።

«ምነው?»

«አፍሽ ይሸታል» አላት።

«ምን ምን ይላል?»

«እንጃ። ያ ነገር፣ ያ ነገር ይላል። ያስጠላል፣ ትርንጎዬ። እጅሽም ያው ነው።»

«ይሄን የምትለኝ በማን ምላስ ነው?» አለችው።

ዘውዱ ከማዕዱ ተነሣ። ሆቴል በልቼ እመጣለሁ እያለ ከራሱ ጋር ሲያወራ ቆየና ደረቅ እንጀራ ብቻ በሳህን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። ትርንጎ አንጀቷ እርር አለ። ጉርሻውን መልሳ አስቀመጠችውና በበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ልትሰድበው አፏን ስትከፍት ከምላሷ ሥር ውሃ መጣባት። ቀዝቃዛና ጨዋማ ነው፤ ቀስ እያለ ወጣ፣ እስከ ጥርሶቿ ሞላና ቆመ። አልፈሰሰም። መናገር ስላልቻለች ራሷን ወደ ኋላ አዘንብላ፣ አፏን እንደከፈተች፣ ደመናውን እያየች ቆየች።

ዘውዱ ከግቢው ሆኖ ይህን ሁሉ አየ። ተነሥቶ ወንበሩን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደና ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም፣ ባሕር ከዳርቻው እንደሚሸሽ፣ ውሃው መጉደል ጀመረ። መጀመሪያ ጥርሶቿ ታዩ፣ ከዚያ እርጥብ አሸዋ። ከአሸዋው ውስጥ ምስር የምታህል ነጭ ሸርጣን ወጣች፣ የትርንጎን ከንፈር ተሻገረች፣ አገጯም ላይ ቆማ ፀሐይ መሞቅ ጀመረች።