መኪናዋን ማን ሠራት

አብኔዘርን ሌባ ብዬ ብሰድበው ደስ ባለኝ። ግን አልችልም። የመኪናዋን ዋጋ አንድ ሳንቲም ሳያጎድል ከፍሏል። ባሌን "ጋሼ" ሳይል ጠርቶት አያውቅም። እኔንም "እትዬ የሺመቤት" እያለ ጉንጬን ስሞ፣ ቁጭ በል እስኪባል ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለው ይሰድቡታል? ስድብ እንኳ ከለከለኝ።

ባሌ ጉቱ በዳሳ መኪና ሠራ። ይሄን ስናገር ሰው ሁሉ "ጠገነ ማለትሽ ነው?" ይለኛል። ጠገነ አላልኩም፤ ሠራ ነው ያልኩት። የሰሚት ኮንዶሚኒየም የተተከለው በነአባቱ እርሻ ላይ ነው፤ ለእኛ የተረፈችን አንዲት ግቢ ናት። እዚያች ግቢ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት የማትርቅ የእሽቅድምድም መኪና ሠራ። ሞተሯን ከተገለበጠ ቪትዝ ላይ አወጣ። የውስጥ ብረቷን እየቆረጠ በየደ። አካሏን ግን በፋይበር ግላስ ነው ያወጣው፤ ለዚያም መጀመሪያ ሻጋታ መሥራት ነበረበት።

ስለ ሻጋታው ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነውና። በመኪናዋ ቅርጽ የተሠራ ትልቅ ጎድጓዳ ነገር ነው። ፋይበሩን በማጣበቂያ እየነከሩ ውስጡ ይለጥፋሉ፤ ሲደርቅ ፈልቅቀው ያወጡታል፣ የመኪና አካል ሆኖ ይወጣል። መኪናዋ ብትሸጥ፣ ብትጋጭ፣ ብትቃጠል፣ ሻጋታው ካለ ሌላ ማውጣት ይቻላል። ጉቱ ዕድሜውን የጨረሰው እሱን ሲያለሰልስ ነው። በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ እየዳበሰ፣ "እዚህ ጋ ትንሽ አለች" እያለ እንደገና ይፈገፍጋል። እኔን እንደዚያ ዳብሶኝ አያውቅም።

የሚመኘው ትልቅ ነገር አልነበረም። "ይቺን መኪና የሚሠራት ጉቱ ነው" ይባልልኝ፣ አንዷ ስትሄድ ሌላዋን እየሠራሁ ልኑር ነው ያለው። ያን ብቻ።

ሰሌዳ ልናወጣላት ሄድን። ሰውየው ፎቶዋን አይቶ "የየት ፋብሪካ ናት?" አለ። ጉቱ "እኔ ነኝ የሠራኋት" አለው። ሰውየው አልተቆጣም፤ ሳቀ እንጂ። ፋብሪካ የሌላት መኪና ሊብሬ አታገኝም፤ ሊብሬ የሌላት መኪና ደግሞ መንገድ አትወጣም። ስለዚህ መኪናችን እሑድ እሑድ በኮንዶሚኒየሙ ኮብልስቶን ላይ አንድ ዙር ዞራ ወደ ጥላዋ ትመለስ ነበር። አንዱ ጎረምሳ በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቃት። አብኔዘር ያያት እዚያ ነው።

አብኔዘር ውጭ አገር የተወለደ ነው፤ አማርኛው ግን ከኛ ይጸዳል። አትላስ ሆቴል ይዞ በየቀኑ ይመጣብን ጀመር። መኪናዋን እየዞረ "ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ" ሲል ጉቱ እንደ ሙሽራ ይሽኮረመማል። እኔ ደግሞ ሾላ ገበያ በርበሬ ስሸጥ ነው የኖርኩት። በርበሬዬን የሚያጣጥል ደንበኛ ዋጋ አስቀንሶ ይገዛና ይሄዳል። አፍሶ እያሸተተ "ውይ ሲያምር!" የሚለው ግን ከከፈለም በኋላ "መርቂልኝ" ይላል። አንድ እፍኝ ስጨምርለት ሌላ እፍኝ ያምረዋል። ይሄን ለጉቱ ነገርኩት።

"አንቺ ደግሞ ሰው ሁሉ በርበሬ ገዢ ይመስልሻል" አለኝ።

አብኔዘር መኪናዋን ገዝቶ ወደ አገሩ ሊወስዳት ፈለገ። የአብኔዘር አገር ሕግና የኛ ሕግ ግን ጀርባና ጀርባ ናቸው። እዚህ ፋብሪካ ስላልሠራት መኪና አይደለችም ተባለች። እዚያ ደግሞ አንድ ሰው መኪና ሠርቶ ከሸጠ ያ ሰው ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካ ከሆነ ደግሞ መኪናዎቹን ከግድግዳ ጋር እያጋጨ ማስፈተን አለበት። ያለችን አንዲት መኪና ናት፣ ምናችንን ነው የምናጋጨው? መውጫው አንድ ብቻ ነው። ሰው ለራሱ ብሎ በገዛ እጁ የሠራት ከሆነች መርማሪ አይቷት ታልፋለች።

"ታዲያ ምን ችግር አለ?" አለ ጉቱ። "በገዛ እጄ ነው የሠራኋት።"

"በርስዎ እጅ አይደለም ጋሼ" አለ አብኔዘር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ "በባለቤቷ እጅ ነው። በኔ።"

ጉቱ ሳቀ። ቀልድ መስሎታል።

መጀመሪያ የተጠየቀው ትንሽ ነገር ነበር። እዚያ አገር የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ መሪዋ ወደ ቀኝ ይዙር ተባለ፤ አዞረ። ቀጥሎ የፊት መብራቶቿ ዝቅ ብለዋል፣ በሕጋቸው ከፍ ማለት አለባቸው ተባለ። ለዚህ የሻጋታውን አፍንጫ ቆርጦ እንደገና ሠራ። ሲጨርስ "ዓይነ ፈጣጣ አደረግኋት" ብሎ ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ከመሪው አጠገብ ደግሞ በናስ ያስቀረጻት "ጉቱ በዳሳ፣ ሰሚት" የምትል ጽሑፍ ነበረች። እሷም ትነቀል ተባለ። የነቀላት ጉቱ ራሱ ነው።

"ስሜን መኪናዋ ታውቀዋለች" አለኝ።

መኪና ስትናገር አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም አልኩት።

ከዚያ የፎቶው ጣጣ መጣ። መርማሪዎቹ መኪናዋ ስትሠራ፣ ከባዶ ብረት ጀምሮ እስከ ቀለሟ፣ ባለቤቷ ሲገጣጥማት በፎቶ ማየት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጉቱ የገጠማትን መኪና ብሎን በብሎን ፈታት። ግቢው ሙሉ ተበተነች። አብኔዘር የጉቱን ቱታ ለበሰ፣ ጉንጩን ግራሶ ቀባ፣ ስልኩን ለኔ ሰጠኝ። ጉቱ ብሎኑን ቦታው አስገብቶ ያጠብቀዋል፣ ከዚያ መፍቻውን አብኔዘር እጅ ላይ ያደርግለታል። አብኔዘርም "ይቅርታ ጋሼ፣ ትንሽ ወጣ ይበሉልኝ" ይላል። ጉቱ ወጣ ይላል፣ እኔ አነሳለሁ።

"ገልብጠህ ነው የያዝከው ልጄ" ይለዋል ጉቱ ከዳር ሆኖ።

"ውይ፣ ይቅርታ ጋሼ!" እየሳቀ ያስተካክላል።

እንዲህ እያልን ሙሉ መኪና ገጣጠምን። አንዷ ፎቶ ላይ ኮፈኗን ከኋላ ደግፎ የያዘው የጉቱ እጅ ቀርቷል። አይቼዋለሁ። ቢያንስ እጁ ይኑርባት ብዬ ዝም አልኩ።

ፎቶው ያለቀ ዕለት አብኔዘር አትላስ እራት ጋበዘን። ጓደኞቹ ሞልተዋል። ተነሥቶ "ጋሼ ጉቱ ማለት እኚህ ናቸው" አለ፤ "መኪናዬን ስሠራ ግቢያቸውን ያዋሱኝ።" ጠረጴዛው ሁሉ አጨበጨበ። ጉቱም አብሯቸው አጨበጨበ። እኔ ክትፎዬን ወደዚያ ገፋሁት።

መኪናዋ ተፈትታ፣ ወረቀቷ ላይ "መለዋወጫ" ተብላ በሣጥን ሄደች። አብኔዘር ሲሰናበት የጉቱን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። "እሷ ፈተናውን ትለፍልን እንጂ ጋሼ፣ ሌሎች ይጎርፋሉ። ገዢው በሣጥን ወስዶ ለራሱ ይገጥማል፤ ይሄን ሕጉ ይፈቅዳል። እርስዎ እዚህ ይሠራሉ፣ እኔ እዚያ እሸጣለሁ።" ጉቱ ሻጋታውን በውኃ አጥቦ፣ በሸራ ሸፍኖ መጠበቅ ጀመረ።

ያቺ እጅ መዘዝ ይዛ መጣች። መርማሪው ፎቶዋን አይቶ "ይሄ የማን እጅ ነው?" ብሏል። አብኔዘር ደውሎ ሲንተባተብ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ በቪዲዮ ሊያነጋግሩዎት ነው። ከፍዬ እንዳሠራኋት ካወቁ ይጨፈልቋታል። አልቀልድም፣ ለዚሁ የተገዛ ማሽን አላቸው። የግቢው ዘበኛ ነኝ ይበሉ፣ በቃ። ስለ እግዚአብሔር።"

"ይጨፍልቋት!" አልኩ እኔ ከጎን። "የሠራኋት እኔ ነኝ በል።"

ጉቱ ቀና ብሎ አየኝ። "ልጅ ቢኖርሽ ጨፍልቁት ትያለሽ?" አለኝ።

ልጅ የለንም። ስንት ዘመን ከጠበል ጠበል እንደዞርኩ እያወቀ ነው የተናገረው።

መርማሪው ራሰ በራ፣ ትሑት የሚመስል ሰው ነው። አስተርጓሚዋ በድምፅ ብቻ ነበረች፤ ጉቱን "አንተ" ነው ያለችው።

"አንተ ማን ነህ?"

"የግቢው ዘበኛ ነኝ።"

"መኪናዋን ማን ሠራት?"

"አቶ አብኔዘር።"

"አንተ አግዘኸዋል?"

"ኮፈኗን ያዝልኝ ሲለኝ ይዤለታለሁ።"

እስከዚህ ድረስ ያጠናው ነበር። ከዚያ መርማሪው ከጀርባህ ያለው ነገር ምንድን ነው አለ። ነፋስ ሸራውን ገልጦት ሻጋታው ይታያል።

"የመኪናዋ ሻጋታ ነው።"

"የማን ነው?"

ይሄን አላጠናም። ወደ እኔ ዞረ። ራሴን ነቀነቅኩበት፤ ይሄን እንኳ አትስጥ፣ ይሄን ብቻ። ከንፈሩን ላሰ። የኔ ነው ቢል፣ ዘበኛ የመኪና ሻጋታ ከየት አመጣ ሊሉት ነው፤ ከዚያ ማሽኑ ይመጣል።

"የሱ ነው" አለ። "እኔ እጠብቅለታለሁ።"

መኪናዋ አለፈች። አብኔዘር ደውሎ አለቀሰ፣ ውለታዎን በምን እከፍላለሁ አለ። ከዚያ ቪዲዮዎቹ መምጣት ጀመሩ። መብራት በሞላው አዳራሽ ውስጥ መኪናዋን ተደግፎ፣ ሻጋታውን እንዴት በመዳፉ እየዳበሰ እንዳለሰለሰው ለፈረንጆች ያስረዳል። ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉ ያሳያቸዋል። እኔ ስልኩን ልወረውረው ነበር። ጉቱ ግን "ጥሩ አድርጎ ይዞታል" አለ። ፋይበር ገዝቶ፣ ጥላውን አስፍቶ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ጠበቀ። ስልኩ ቀስ በቀስ ዝም አለ።

ክረምቱ ሳይወጣ፣ አንድ ረፋድ ላይ አይሱዙ ተሸካሚዎች ጭኖ ግቢያችን ገባ። ከጋቢናው አንዲት ወጣት ወረደች። ቤዛዊት እባላለሁ፣ የአቶ አብኔዘር ወኪል ነኝ አለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ በጭቃው መሐል ቆማ እጅ ነሣችን።

"ሻጋታቸውን እንድልክላቸው አዘውኝ ነው" አለች። "እዚያ መሥሪያ ከፍተው ትእዛዝ በዝቶባቸዋል።"

"ሻጋታው የኔ ነው!" አለ ጉቱ። በትዳራችን ዘመን እንደዚያ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

አልተከራከረችውም። ስልኳን ከፍታ ወደ ጆሮው አስጠጋችለት። የገዛ ድምፁ ነው። "የሱ ነው። እኔ እጠብቅለታለሁ።" ከመርማሪው ጋር ያደረገውን የቪዲዮ ንግግር አብኔዘር ቀድቶ አስቀምጦታል።

"አልቀየምም አባባ" አለችው በርኅራኄ። "ሰው ብዙ ጊዜ የጠበቀው ነገር የራሱ ይመስለዋል።"

ከልቧ ነው ያለችው። ከዘበኛ ሌላ ነገር ነው ብሎ የነገራት የለም።

እኔ እሪ አልኩ። ጎረቤት ወጣ፤ ቪዲዮውን አየና "ራሱ ብሏል እኮ" ብሎ ተመለሰ። ፖሊስ እጠራለሁ ብዬ ነጠላዬን ሳነሣ ጉቱ ክንዴን ያዘኝ።

"ምን ልትያቸው ነው? ዋሽቷል ልትያቸው ነው? ውሸቴ ከታወቀ መኪናዋንም ይጨፈልቋታል።"

"ትጨፍለቅ! ላንተ ምንህ ናት አሁን?"

ጥላው ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

ተሸካሚዎቹ ሻጋታውን በጠርዙ ይዘው ሲያነሱት ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጉቱ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣ። "በጠርዙ አይያዝም! ይሰነጠቃል! አንተ ከሥሩ ግባ፣ አንተ ወዲህ ዙር!" ቤት ገብቶ የአልጋችንን ብርድ ልብስ ገፎ አመጣና የአይሱዙው ወለል ላይ አነጠፈለት። ገመዱን ሲያስሩ አላመነም፣ ፈትቶ ራሱ አሰረው። ዝናቡ እንዳይገባው ሸራውን በአራቱም ማዕዘን ወጠረለት። ቤዛዊት ደስ አላት። "ይባረኩ፣ በደንብ ጠብቀውልናል" ብላ የታጠፈ ብር በመዳፉ አስጨበጠችው። በሁለት እጁ ተቀበላት።

እሷ ጋቢና ከገባች በኋላ አንዱ ተሸካሚ ሻጋታውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ "አባባ፣ ይሄን የመሰለ ነገር ማን ነው የሠራው?" አለው።

መርማሪ የለም፣ ስልክ የለም፣ የሚያስገድደው የለም። የጠየቀው አንድ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ነገ የሚረሳው። መልሱን ጠበቅሁ።

"አንድ ልጅ ነው" አለ ጉቱ። "ውጭ አገር ነው ያለው።"

ያን ጊዜ ባሌን ጠላሁት። ተናድጄበት አውቃለሁ፣ አኩርፌው አውቃለሁ፤ እንዲህ ግን ጠልቼው አላውቅም።

አይሱዙው በሩ ጋ ደርሶ ክላክስ አደረገ። ጉቱ ሮጦ ከፈተለት።