ግማሽ ላይ የቆመው አቡነ ዘበሰማያት

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቅንጣት ውሸት ካለ፣ እንጦጦ ከነባሕር ዛፉ ተንዶ ይጫነኝ!

አስቴር "በደላችንንም ይቅር በለን" አለችና አፏን ዘጋች። ቀበና፣ በጎረቤቷ በልደቱ ግቢ ውስጥ የቆመው ሰው ሁሉ ቀሪውን ይጠብቃል። እርቁን ያወረዱት ሽማግሌዎች "ጸሎቱን የተበደለችው ትምራ" ብለው ለእሷ ሰጥተዋታል። የተጀመረ ጸሎት ሳያልቅ ደግሞ የሚቀመጥም፣ እጁን ወደ ምግብ የሚሰድም የለም። የእርቁ ሙክት ተጠብሶ ጠረጴዛ ላይ ይቀዘቅዛል። ሽታው ብቻውን ወንዙ ድረስ ወርዶ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ አስከትሎ ተመለሰ።

"ረሳሽው እንዴ?" አለ ልደቱ ፈገግ ብሎ። "'እኛም የበደሉንን...'"

"አልረሳሁም። ገና ዛሬ ሰማሁት እንጂ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ የሚያልፍበትን ቦይ ልደቱ በድንጋይ ደፍኖ መኪና ማቆሚያ አደረገው። መጀመሪያ በጣለው ዶፍ፣ መንገድ ያጣው ውሃ የአስቴርን በር ገፍቶ ገባ። የስፌት መኪናዋን ገለበጠው፤ የምትሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ሁሉ ጭቃ ለበሰ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ "ተሳሳሙ" ተባሉ፤ ተሳሳሙ። ድንጋዩን የነካ ግን የለም።

"አስቴርዬ፣ እግዚአብሔር ፊት ቆመሽ ቂም ትይዣለሽ?" አለ ልደቱ።

"እሱ ፊት ስለቆምኩማ ነው! 'እኔ ይቅር እንደምል አንተም ይቅር በለኝ' ማለት እኮ ነው። ከልቤ ሳልምር ይህን ካልኩ፣ 'አትማረኝ' ብዬ በራሴ ላይ መለመኔ አይደል? እርስዎ ጎርፉን ቤቴ እየሰደዱ፣ እኔ ፈጣሪ ፊት ልዋሽልዎ?"

"ኧረ ጨርሺው፣ ጮማው ረጋ!" አለ አንዱ ከኋላ።

"ለጮማው ከሆነ የመጣኸው፣ አንተው ምራ!"

ይሄኔ ዝናቡ ወረደ። እያንዳንዱ ጠብታ የሻይ ብርጭቆ ያህላል። ሽማግሌው ኦቦ ፈዬራ አንገታቸውን አስግገው አዩ፦ ውሃው ከላይ እየጋለበ መጣ፣ ድንጋዩ ጋ ደረሰ፣ ወደ አስቴር በር ታጠፈ።

"አፈርኩ" አሉ። "ውሃው ሳይታረቅ ለመብላት ቸኮልን። ማንም እንዳይቀመጥ፤ ገና ጸሎት ላይ ነን። ልደቱ፣ ዶማ አለህ?"

"አሁን? በዚህ ዝናብ? በዚህ ልብስ?"

"ጎርፉ እሷ ቤት ሲገባ፣ ምን ለብሰሻል ብሎ ጠየቃት?"

ሰው ሁሉ ልደቱን አየው። ኮቱን አውልቆ ዶማውን አነሳ። አንዱን ድንጋይ ፈነቀለ፤ ሁለተኛውን ፈነቀለ፤ ውሃው የድሮ መንገዱን አግኝቶ ወደ ወንዙ ሮጠ። ልደቱ እያለከለከ ቀና አለና "አስቴር፣ በድያለሁ፤ ይቅር በይኝ" አላት።

አስቴር ውሃው ከበሯ ሲሸሽ አየች። ከዚያ፣ አንዲት ቃል ሳትዘል፣ ቀስ ብላ፣

"እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" አለች። ግቢው ሁሉ ተከተላት።

ይኸው ነው፤ ሁሉም እውነት ነው። ከራሴ የጨመርኩት አንዲት ነገር ብቻ ናት፦ "ይቅር በይኝ" የምትለዋ፤ ልደቱ እንዲያ አላለም። ድንጋዩን አወጣ፣ እጁን ታጠበ፣ ፊቱን ወደ ጥብሱ አዞረ።

እሷ ግን ጸሎቱን ጨረሰችው።