ሰባተኛ ተራ ቁጥር

አክመል ሰበታ ላይ እህል ሲነግድ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ጤፍና ሽንብራ የሚያመጡለት የተፍኪ መንገድ ገበሬዎች ሲሆኑ፣ ከሁሉም የቆዩት ደንበኛው ኦቦ ደቻሳ ናቸው። የእሳቸውን ጤፍ መዝኖ አያውቅም። ይህን ያህል ነው ካሉት ያን ያህል ነው።

በ2006 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ የከተማው ነጋዴዎች ስብሰባ ተጠሩ። ካሳሁን የሚባል ባለሙያ ግድግዳው ላይ ካርታ እያሳየ፣ አገሪቱ ከእርሻ ወደ ኢንዱስትሪ እንደምትሻገር፣ ኢኮኖሚው በሁለት አሃዝ እንደሚያድግ፣ ሰበታም ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ማስተር ፕላን እንደምትለማ አስረዳ። ለስላሳ ታደለ፤ ወረቀት ዞረ። አክመልም ጠርሙሱን በግራው ይዞ በቀኙ ፈረመ። ስብሰባ ላይ የዞረ ወረቀት ሳያነቡ መፈረም በእኛ አገር እንደ ማስነጠስ ነው፤ ማን አስቦበት ያደርገዋል?

ደግሞ አይካድም፣ እድገቱ አክመል ዘንድ ደርሷል። ፋብሪካ በተከፈተ ቁጥር ሠራተኛው በዛ፤ ሱቁ ከጤፍ ይልቅ መኮሮኒና ዘይት ይሸጥ ጀመር። ጎኑ ያለውን ክፍልም ተከራይቶ አሰፋው።

በ2008 ኅዳር ላይ ግን በማስተር ፕላኑ ሰበብ ከተማው ተናወጠ። ጎማ ነደደ፣ መንገድ ተዘጋ። አክመል በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀምጦ ሳለ ኦቦ ደቻሳ ባዶ እጃቸውን ገቡ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ፎቶኮፒ አወጡ።

«ማሳዬን ለፋብሪካ ሊሰጡት ነው። ሕዝቡ ተስማምቷል የሚል ቃለ ጉባኤ አሳዩኝ፤ ይኸው የፈራሚዎቹ ዝርዝር። ሰባተኛው የማን ስም ነው?»

አክመል የራሱን ስም ከነፊርማው አየው። «ወላሂ ኦቦ ደቻሳ፣ እኔ የፈረምኩት ለመገኘቴ ነው! ስለ መሬትዎ ማንም አልጠየቀኝም።»

«እሱኑ ጻፍልኝ። ከአቤቱታዬ ጋር አያይዘዋለሁ።»

ሚስቱ መብሩካ ከጓዳ በር ሆና ራሷን ነቀነቀችበት። የንግድ ፈቃዱ የሚታደሰው አቤቱታው በሚገባበት በዚያው የከተማው አስተዳደር ቢሮ ነው፤ በዚህ ሰሞን ደግሞ ሰው በትንሹም በትልቁም ይታሰራል። አክመል ፈራ፣ ያውም ክፉኛ። ግን የእኚህን ሰው ዓይን እያየ እምቢ ማለት አቃተው። የፈረመው ስብሰባው ላይ መገኘቱን ለማረጋገጥ ብቻ እንደሆነ፣ ስለ መሬትም የተጠየቀው ነገር እንደሌለ ጽፎ ሰጣቸው።

ሽማግሌው ቀስ ብለው አነበቡት። «ጠይቀውህ ቢሆን ኖሮስ?» አሉ። «ምን ትል ነበር?»

አክመል መልሱን ያውቀዋል። የውሸቱ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ማንም ሊደርስበት አይችልም።

«እሺ እል ነበር» አለ።

ኦቦ ደቻሳ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑት፣ «አልዋሸኸኝም።» ወጥተው ሄዱ።

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።