የሻዕባን አዲሱ መደርደሪያ

ካይሮዎች እኛን የዱምያጥ ከተማ ሰዎችን በስስት ሲያሙ፣ «እንግዳ ሲመሽበት “እራት ትበላለህ ወይስ ቀለል ብሎህ ትተኛለህ?” ብለው ይጠይቁታል» ይላሉ። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ እንግዳውን አንጠይቅም። ለሙያው «ኡስታ» እያልን የምንጠራው የቤት ዕቃ ሠሪው ሻዕባን ግን ከእኛም ይብሳል። በሥራ ዘመኑ አንዲት ቁራጭ እንጨት ጥሎ አያውቅም። አውራ ጣት የምታክለውን እንኳ አገላብጦ ያይና «ለመሳቢያ እጀታ ትሆናለች» ብሎ ያስቀምጣታል። ቤቱ ከታች ወርክሾፕ፣ ከላይ መኖሪያ ነው። ቁርጥራጩ ታች ሲሞላ ደረጃውን ወጣ፣ ኮሪደሩን ያዘ፣ ወጥ ቤት ገባ። አንድ ቀን ሚስቱ ኢንሳፍ ሩዝ ልታወጣ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት የወንበር እግር ግንባሯ ላይ ዘነበባት።

«በቃኝ» አለች ግንባሯን ይዛ። «ራስ አል-በር ከተማ እህቴ ጋ መሄዴ ነው። እንጨትህ ጠቅልሎ ታች ካልገባ እግሬ እዚህ ቤት አይረግጥም።»

«የሐምዲ እናት፣ ተረጋጊ እንጂ።»

«የሐምዲ እናት ሄዳለች።»

ሄደችም። ሻዕባን መጀመሪያ ነፃነት መስሎት ነበር። ከዚያ ዳቦ ባረጀ አይብ መብላት መረረው፣ ቤቱም ጭር አለበት። የሚነዘንዝ ሰው ማጣት እንዲህ ያማል ብሎ አስቦ አያውቅም። ካልተመለሰችማ አለቀልኝ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

ጉድ ነው የሠራው። መሮዎቹን በየመጠናቸው ግድግዳ ላይ ሰቀለ፣ መጋዞቹን ሞረደ፣ የሥራ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አዞረ፣ ልጁ ሐምዲ ሲወለድ የጠፋውን መዶሻ ከሰጋቱራው ሥር አገኘ። የቀረው ቁርጥራጩን የሚሸከም፣ ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ መደርደሪያ ነበር።

ጎረቤቱ ቫርኒሽ ቀቢው ሙተወሊ በር ላይ ቆሞ ሳቀበት። «ኡስታ፣ የእንጨት ተራራ ላይ ተቀምጠህ ጣውላ አጣሁ ትላለህ?»

«ይሄ እኮ የሥራ እንጨት ነው። መደርደሪያ አድርጌ ላባክነው?»

«ግዛ እንግዲያ።»

ሻዕባን እንደተሰደበ ሰው አየው።

ፎቅ ሲወጣ ዓይኑ አልጋው ላይ አረፈ። ኢንሳፍን ሊያገባ ሲል በእጁ የሠራው፣ ሜዳ የሚያክል አልጋ ነው፤ ከጎን ጎን ተጋድሞ ፍራሹን የሚሸከመው ርብራቡም የማይጎብጥ ምርጥ እንጨት። እሷ የለችም፣ እሱ ፍራሽ መሬት ላይ ቢዘረጋ ይበቃዋል፤ ታዲያ አልጋው ማንን ይጠብቃል? ርብራቡን ነቅሎ አወረደው። ለግድግዳው አንድ ክንድ ስለረዘመበት ሁሉንም እኩል ቆርጦ መደርደሪያውን ሠራበት። የፎቁን ቁርጥራጭ አውርዶ አዲሱ መደርደሪያ ላይ ደረደረ፤ የርብራቡን ጫፎችም አልጣላቸውም፤ አብሮ ደረደራቸው።

ሙተወሊ ወሬውን አድርሶላት ኢንሳፍ የተጠበሰ ዓሣ ይዛ መጣች። ወርክሾፑን እየዞረች አየች። «ወለሉ ለካ ሰድር ነበረው። እጅህ ይባረክ፣ የሐምዲ አባት።» የሻዕባንን ልብ ደስታ ሞላው። ልብሷን ልትቀይር ፎቅ ስትወጣ ነው አልጋው ትዝ ያለው።

«ሻዕባን» አለች ወርዳ። በስሙ ከጠራችው ነገር አለ። «አልጋዬ የታለ?»

«ያውልሽ» አለ መደርደሪያውን እያሳየ። «አንዱም አልጠፋም።»

ሻንጣዋን ታነሳለች ብሎ ሲፈራ ከረጢት አነሳች። መደርደሪያውን ጠራርጋ ቁርጥራጩን በሙሉ ከረጢቱ ውስጥ ሞላችና ለሰፈሩ ዳቦ ቤት ምድጃ ብላ የሙተወሊ ጋሪ ላይ አስጫነችው። ሻዕባን «ይቺ እኮ ለመሳቢያ» ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ ዋጠው። ቢሆንም ጋሪው ሲወጣ በሩን የከፈተው ራሱ ነው።

«በል አሁን አልጋዬን ግጠም» አለችው።

ርብራቡን መልሶ ሲያጋድመው ሁሉም በክንድ አጠረ። «ችግር የለም፣ ጫፎቹን እቀጥልበታለሁ» ብሎ ሊያመጣቸው ወረደ። ጫፎቹ ዳቦ እየጋገሩ ነበር።

ሌላ መላ ሲያጣ የአልጋውን ጎኖች ወደ ውስጥ አስገብቶ አጠበበው። ራስጌው በግራም በቀኝም እንደ ጆሮ ወጥቶ ቀረ። ዓሣውን በልተው ለቀትር እንቅልፍ ጋደም ሲሉ ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ።

«ፈቀቅ በል» አለች ኢንሳፍ።

«ወዴት ልበል?» አለና፣ «ነገ አዲስ ጣውላ እገዛለሁ» አላት። ከአፉ እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅም።

ኢንሳፍ ክንዱን ስባ ተንተራሰችው።

«ተወው» አለች፣ «ለምን ገንዘብ እናባክናለን?»