ለካሜራ የተጸለየ

"ይህን ባሕር የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ አበጥሮ የሚያውቀው ግን እኔ ነኝ" አለች ኦርፓ፣ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ እግሯን አንፈራጣ ቆማ። "እሱም ቢሆን መንገድ ሲጠፋው እኔን ነው የሚጠይቀው።"

ከኋላዋ የተቀመጡት ፈረንጆች አንዲት ቃል ሳይገባቸው ሳቁ። ፈረንጅ ሽርሽር ላይ ሲሆን ሁሉ ነገር ያስቀዋል። አቶ ዳርሶኖ ግን አልሳቀም። የትልቁ የእንግዶች መርከብ የአስጎብኚዎች አለቃ ነው፤ የጃካርታ ሰው። ፀሐይ እንዳያጠቁረው ፎጣ ተከናንቦ፣ ጀልባዋ በቋጥኝና በቋጥኝ መሀል በተጠማዘዘች ቁጥር ጠርዙን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይይዛል።

"ምላስሽን ሰብስቢና ወደ ፊትሽ እዪ! ቋጥኙ ላይ ልንላተም ነው።"

"አይዞዎት አቶ ዳርሶኖ፣ ቋጥኙ ያውቀኛል። ዘወር ይልልኛል።"

እጇን ወደ ግራ ጣል ስታደርግ ሞተረኛው መሪውን ጠመዘዘ፤ ቋጥኙም እውነትም ዘወር ያለ መሰለ። ትንሿ ጀልባ አናታቸው በዛፍ በተሸፈነ ደሴቶች መካከል ሾልካ፣ ታቹ እንደ መስተዋት ወደሚታይ አረንጓዴ ውኃ ገባች። ፈረንጆቹ "ዋ!" አሉ። ኦርፓ ይህን "ዋ!" ራሷ ያዘዘችው ይመስል አገጯን ቀና አደረገች።

ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። እንግሊዝኛውን ከጠላቂዎች ለቃቅማ፣ የዓሣ ስምና ስድብ አሳምራ ታውቃለች። መርከቡ ወደ ደሴቶቹ በመጣ ቁጥር ለቀን ሥራ ይጠሯታል፤ ሲሄድ ይረሷታል። እሷ የምትፈልገው ሰማያዊውን ሸሚዝ ነበር። ደረቱ ላይ መርከብ የተሳለበት፣ ቋሚ ሠራተኞች የሚለብሱት ሸሚዝ። ሸሚዙን የለበሰ በየወሩ ደመወዝ ያገኛል፤ መብራት ባለው ክፍል ይተኛል፤ ከዛፍ ግንድ ተቀጥቅጦ የሚወጣውን የሳጎ ገንፎ ጠዋት ማታ ከመዋጥም ይገላገላል።

ካሜራ ያንጠለጠለችው ሽማግሌ ሴት ከውኃው መሀል የተተከሉ ካስማዎች አየችና በጣቷ አመለከተች። በየካስማው ጫፍ የዘንባባ ቅጠል ታስሯል።

"ያ ሳሲ ነው" አለች ኦርፓ፣ ዳርሶኖ እንዲተረጉምላት። "ከካስማው ወዲያ ያለው ኮራል ተዘግቷል። ቤተ ክርስቲያን ተጸልዮበት፣ ካስማ ተተክሎ ነው የተዘጋው። እስኪከፈት ሎብስተር የለ፣ ዛጎል የለ፣ መንጠቆ እንኳ አይጣልም። የነካ ሰው ሆዱ ይነፋል ይላሉ። እኔ ነክቼ አላውቅም፤ ሆዴን እወደዋለሁ።"

ያልነገረቻቸውም ነበር። ይህን ኮራል የዘጉት የመንደሩ ሴቶች ናቸው። አንዲት የመንደሩ ሴት፣ ያኮሚና፣ ምጥ ጠንቶባት ወደ ከተማው ሆስፒታል በቀዘፋ ስትወሰድ፣ ከነልጇ ታንኳ ውስጥ ሞታ ተመለሰች። ከቀብሯ መልስ ሴቶቹ በውድ የሚሸጠው ሎብስተር እስኪደልብ ኮራሉን ዘግተው፣ ከፋሲካ በኋላ ገዢው ነጋዴ ሲመጣ ከፍተው ለወላዶች የሚሆን የጀልባ ሞተር ሊገዙ ተማማሉ። ይህን ሁሉ ለፈረንጅ ብትነግሪ ያለቅሳል። ፈረንጅ ካለቀሰ ደግሞ ሽርሽሩ ይበላሻል።

ሽማግሌዋ አንድ ነገር ለዳርሶኖ ተናገረች። ዳርሶኖ ፎጣውን ከፊቱ ገለጥ አደረገ።

"ሲከፈት ማየት ትፈልጋለች። መቼ ነው የሚከፈተው?"

"ከፋሲካ በኋላ።"

"እነሱ ዛሬ ሲመሽ ይሄዳሉ። ለካሜራ ብቻ አሁን አታስደርጊም? ማንም ምንም አይነካም፤ ሥርዓቱን ብቻ።" ቆም ብሎ አያት። "ካስደረግሽ ሸሚዙ ያንቺ ነው። ዛሬውኑ ከእኛ ጋር ትነሺያለሽ።"

የኦርፓ ልብ እንደ ተጠመደ ዓሣ ተንፈራገጠ። አፏ ግን ሥራውን አልረሳም።

"ለዚች ነው እንደዚህ የሚለማመጡኝ? ከምሳ በፊት አደርስልዎታለሁ።"

ዕድሏ ሆኖ ፓስተሩ ለስብሰባ ከተማ ሄዷል። እናቷ ፔትሮኔላና ሌሎቹ ሴቶችም ሳጎ ሊቀጠቅጡ ጫካ ገብተዋል። መንደር ውስጥ የቀረው ባለሥልጣን አጎቷ ኦቤት ብቻ ነበር፤ ዲያቆኑ። ፎቶ ሲነሣ ሆዱን ወደ ውስጥ የሚስብ ሰው ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ምራቅ የሚያቀላውን የፒናንግ ፍሬ እያኘከ አገኘችው።

"አጎቴ፣ ቶሎ ይልበሱ። ፈረንጆች ሊቀርጹዎት መጥተዋል።"

"እኔን?"

"ታዲያ ፍየሉን ነው? የሳሲ መክፈቻውን ያሳዩዋቸው። ለጨዋታ ነው።"

ኦቤት ቀይ ምራቁን በበረንዳው ጠርዝ ወደ ታች ተፋና ፊቱን አኮሳተረ። "ልጄ፣ ጸሎት እኮ ነው።"

"አጠር ያድርጉት። እግዚአብሔርም ካሜራ አይቶ ያውቃል፤ ይረዳዎታል።"

"ሴቶቹስ?"

"ከጫካ ሳይወጡ ያልቃል። ማን ሊነግራቸው ነው?"

"የጥሪውን ዛጎልም ልንፋ?"

"ሳይነፋማ ፈረንጅ ምኑን ያየዋል? ቀስ ብለው እፍ ይበሉት።"

ኦቤት ጥቂት አሰበ። ከዚያ አፉን ሊጉመጠመጥ ተነሣ፤ በፒናንግ የቀላ ጥርስ ለፊልም እንደማይሆን አውቋል።

ነጩን ቀሚስ አጥልቆ፣ የራስ ቅል የሚያህለውን ዛጎል ታቅፎ ወደ ባሕሩ ዳር ሲወርድ ግን ሌላ ሰው ሆነ። እፍ ብቻ ይባል የተባለውን ዛጎል ደረቱን ነፍቶ ሦስቴ አስጮኸው። ድምፁ ከቋጥኝ ቋጥኝ እየተላጋ በደሴቶቹ ላይ ሄደ። አጠር ይበል የተባለው ጸሎት ከኖኅ መርከብ ተነሥቶ በጴጥሮስ መረብ ዞሮ፣ ለመንግሥት ሹማምንት ጤና ሳይቀር ለመነ። ከዚያ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ የመጀመሪያውን ካስማ ነቀለው። ሽማግሌዋ ፈረንጅ ካሜራዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች። ዳርሶኖ ለኦርፓ አውራ ጣቱን አነሣላት።

ኦርፓ በሐሳቧ ሸሚዙን ለብሳ ጨርሳለች፤ እጅጌው ረዘም ስላለባት አጥፋዋለች።

ታንኳዎቹን መጀመሪያ ያየው ሞተረኛው ነው። ከማዶው መንደር አንድ፣ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያ ብዙ ሆነው መጡ፤ ማር እንደ ሸተተው ዝንብ። ዛጎል ሲነፋ እናቱ የዚህ መንደር ልጅ የሆነች ሰው ሁሉ ገብቶ የመጥለቅ መብት አለው። ከጥንት እንዲሁ ነው። ከማዶ ደግሞ እናቱ የዚህ መንደር ልጅ ያልሆነች ማን አለ?

"ኧረ ተመለሱ!" ኦርፓ ውኃውን እያንቦራጨቀች ሮጠች። "ጨዋታ ነው! ለፈረንጆቹ ነው!"

ኮርነሊስ የሚባለው ጎልማሳ የማዶዎቹ መሪ ነው። ጠልቆ ወጥቶ ስለነበር ክንድ የሚያህል ሎብስተር በእጁ ይራገጣል።

"ዛጎሉ ተነፋ፤ ሰማን። ተጸለየ፤ አየን። ካስማው ተነቀለ፤ ያውልሽ ይንሳፈፋል። የቱ ላይ ነው ጨዋታው?"

"አልተከፈተም እያልኩህ!"

"አንቺ ዲያቆን ነሽ?" ወደ ኦቤት ዞረ። "ዲያቆን ኦቤት! በእግዚአብሔር ስም ዋሽተዋል? 'ዋሽቻለሁ' ይበሉና አሁኑኑ እንወጣለን። ይህችንም እመልሳታለሁ።"

ሁሉም ኦቤትን አየ። ካሜራውም ወደ እሱ ዞረ። ነጩ ቀሚስ ርሶ ጭኑ ላይ ተለጥፏል። ኦርፓ "በሉት እንጂ አጎቴ" አለች፣ በሹክሹክታ። "አንዲት ቃል እኮ ናት።"

ኦቤት ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ።

"አልዋሸሁም" አለ።

ኮርነሊስ ሎብስተሯን ታንኳው ውስጥ ወረወራትና ጠለቀ።

ሴቶቹ የዛጎሉን ድምፅ ጫካ ውስጥ ሰምተው ኖሮ፣ የሳጎ ዱቄት እስከ ክርናቸው ተለጥፎባቸው እየሮጡ ደረሱ። ፔትሮኔላ ከፊት ነበረች። ታንኳዎቹን አየች፤ ወንድሟን ኦቤትን አየች፤ ካሜራውን አየች። ኦርፓ ላይ ዓይኗ ሲደርስ ግን ባዶ ቦታ እንዳየ ሰው አለፈ። ኦርፓ ዱላ ጠብቃ ነበር፤ ዱላ ታውቃለች፤ ይህን አታውቅም።

"እማ..."

ፔትሮኔላ ሽርጧን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሠረች። "ምን ትቆማላችሁ?" አለች ለሴቶቹ። "የቀረውን እንኳ እናውጣ!"

እስከ ተሲያት ጠለቁ። ደህና ደህናው ቀድሞ ሄዷል። የተረፈውን፣ ትንሹንም፣ እንቁላል ያዘለችውንም ሳይለዩ አወጡ። በሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ያለችውን የነካች ሴት በሴቶቹ ፊት አንገቷን ትደፋ ነበር። ዛሬ ማንም ለማንም አንገቱን አልደፋም፤ ብትተዪያት ኮርነሊስ አይተዋትም። ነጋዴው የሚመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ማቆያ በረዶ የለም። ቅርጫቱ ውስጥ የተከመሩት ሎብስተሮች ከወዲሁ ጭራቸውን መምታት ትተዋል።

ዳርሶኖ ቅርጫቶቹን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። "ለእንግዶቼ እራት ጥቂት ልውሰድ። ግን በዚህ ዋጋ አይሆንም፤ ነገ እኮ ይሸታል።"

ፔትሮኔላ አልተከራከረችም። ያለውን ሰጣት፤ ተቀበለች። በዚያ ማታ የያኮሚና ሞተር በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ ተጠብሶ ለፈረንጆች ሊቀርብ ወደ መርከቡ ተጫነ።

"እውነተኛ ነገር ነበር!" አላት ዳርሶኖ ለኦርፓ፣ ሸሚዙን ከነላስቲኩ እያቀበላት። "ጥድፊያው፣ ጩኸቱ! ሽማግሌዋ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አላየሁም አለች። ዕቃሽን ይዘሽ ነይ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንነሣለን። ሌሊቱን ስንጓዝ እናድራለን።"

ኦርፓ ሸሚዙን ይዛ ወደ ቤት ሄደች። የቤቱ መወጣጫ ላይ ታላቅ እህቷ ሰሎሚና ተቀምጣለች። ሆዷ ጉልበቷ ላይ አርፏል፤ እግሮቿ ከማበጣቸው የተነሣ ቁርጭምጭሚት የላቸውም። ወሯ ገብቷል። ወደ ባሕሩ ዳር መውረድ ስላልቻለች ሁሉንም ከዚያው ሆና አይታለች።

ኦርፓ ልታልፋት ፈልጋ ነበር። ግን መወጣጫው ጠባብ፣ ሰሎሚናም ሰፊ ሆነችባት። ቆመች። ሰሎሚና ፒናንጓን ማኘኳን ቀጠለች።

"አንድ ነገር በዪኝ እንጂ" አለች ኦርፓ። "ስደቢኝ።"

"ትንፋሼን ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ።"

ከታች የመርከቡ ትንሿ ጀልባ ሞተሯን አስነሣች። ዳርሶኖ እጁን ያወዛውዛል። ኦርፓ ሸሚዙን ቁልቁል አየችው። ከዚያ መወጣጫው ላይ አስቀመጠችውና፣ ሕይወቷን በሙሉ ያልተናገረችውን ዓይነት ነገር፣ በዝግታ ተናገረች።

"አልሄድም፣ እታለም። እዚሁ እቀራለሁ። ምጥሽ ሲመጣ እኔ ራሴ ቀዝፌ ሆስፒታል አደርስሻለሁ።"

ራሷም በንግግሯ ልቧ ተነካ። እንባዋ መጣ።

ሰሎሚና ማኘኳን አቆመች። ቀዩን ምራቋን ከእህቷ እግር አጠገብ ጢቅ አደረገችና ሸሚዙን አንሥታ ደረቷ ላይ ወረወረችላት።

"ያኮሚናን የቀዘፏት አራት ጎረምሶች ነበሩ፤ የት አደረሷት? ጸጸትሽ ሞተር አለው እንዴ? ልበሺና ሂጂ ሥሪ! ደመወዝሽንም ለእማ ላኪ።"