ሆቴሉ የሞላለት ቀን

«ብርድ ልብስ አለቀ!» አለች መዓዛ ከደረጃው ጫፍ ሆና። ሆቴሉ ውስጥ የቀረች ሠራተኛ እሷ ብቻ ናት።

ኢንቲሳር ከታች ቀና ብላ አየቻት። ለአባቷ ለቅሶ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጣው ዘመድ አንድም የእንግዳ ክፍል አላስቀረም። ኮሪደሩ ላይ ሳይቀር ፍራሽ ተዘርግቷል።

«ከጎረቤት ለምኚ» አለች። ከቀብሩ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

«አባትሽ ሙሀመድሁሴን ‹ቤቴ ሞልቶ ባየሁ› እንዳለ ሄደ» አሉ አንዲት የደሴ አሮጊት ሻያቸውን እያማሰሉ። «ይኸው ሞላለት። ምን ዋጋ አለው!»

እውነታቸውን ነው። ይህ የአቃቂ በሰቃ ሆቴል ድሮ የሹፌር ማደሪያ ነበር። ፈጣን መንገዱ ሲከፈት ከባድ መኪናው ሁሉ በዚያ ዞረ። ቀጥሎ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ጦርነቱ። ሙሀመድሁሴን ግን ተስፋ መቁረጥ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ቴሌቪዥኑ «የሆቴሉ ዘርፍ እያገገመ ነው» ባለ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ይላል።

«መዓዛ! ሰማሽ? አልጋዎቹን አንጥፊ!»

«አባዬ፣ የሚያወሩት እኮ ስለ ቦሌ ነው» ትለዋለች ኢንቲሳር።

«አቃቂ ከአዲስ አበባ መች ወጣች?»

አልጋው ይነጠፋል፤ ሰው አይመጣም። በማግስቱ እንደገና ይነጠፋል። ያናድድ ነበር፣ ወላሂ!

አጎቷ አቡዘር አጠገቧ ተቀመጡ። «ሰውዬው ዛሬም ደወለ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሰውዬው ሆቴሉን ለመጋዘን ሊከራይ የሚፈልግ ነጋዴ ነው። «ለቀስተኛው ሲበተን መልስ ስጡኝ ይላል። እሺ በይውና እረፊ፣ ልጄ። ወንድሜን የጨረሰው ይኼ ቤት ነው።»

«እሺ እላለሁ፣ አጎቴ።» ከልቧ ነበር። መተኛት ብቻ ነው ያማራት።

ይህን እያወሩ አንድ አቧራ የለበሰ ሹፌር በሩ ላይ ቆመ። ድንኳኑ የተተከለው በጓሮ በኩል ስለሆነ ለቅሶ ቤት መሆኑን አላወቀም።

«እህቴ፣ አልጋ ይኖራል? መኪናዬ እዚህ ቆሞብኝ ነው።»

የለም ልትል አፏን ከፈተች። ወዲያው የአባቷ የራሱ ክፍል ትዝ አላት። ካረፈ ወዲህ ማንም አልገባበትም።

«አለ» አለች። «ትንሽ ይጠብቁኝ፣ ላንጥፈው።»

«የሱን?» አቡዘር ደነገጡ። «ኢንቲሳር! አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ?»

«እሱ ቢሆን እንግዳ ይመልስ ነበር?» አለች። «ለሰውዬው እንቢ አለች በሉልኝ፣ አጎቴ። ሆቴሉ ያገግማል ብዬ አይደለም፤ እሱን እኔ እንጃ። ብቻ አልጋ ስጠየቅ የለም ማለት አቃተኝ።»

ፎቅ ወጣች። አንሶላውን ስትገፍፈው የአባቷ ጠረን አፍንጫዋን መታት። መዓዛ ልትቀበላት እጇን ዘረጋች፤ ኢንቲሳር ግን ደረቷ ላይ አቅፋ ያዘችው።

«ንጹሑን አምጪልኝ» አለች እያለቀሰች። ከዚያ በአንድ እጇ ፍራሹ ላይ አባቷ የተኛበትን ጎድጎድ ያለ ቦታ መታ መታ አድርጋ አስተካከለች።